ቱምቢ

ስንጥቁ ሲጀምር፣ በሐምሌ አቦ ማግሥት፣
ክብሪት ነው የገባው፤ አንድ የክብሪት እንጨት።
በሳምንቱ እርሳሴ፣ ከጆሮዬ ወርዳ፣
ሰተት ብላ ገባች፣ እንደ ቤተኛ እንግዳ።
ፍልሰታ ሲገባ ጣቴን ሰደድሁበት፤
ውስጡ ይተነፍሳል፤ ተራራ አለበት።

ዝም አልሁ።
ለማን ይነገራል?
እኔ አይደለሁም ወይ፣ ከደብረ ሲና እስከ አርማንያ ድረስ፣
ግንብ ባዘመመ ቁጥር የምጠራው ለማደስ?
የማን ስም ነው ያለው፣ በስሚንቶ ተጽፎ፣
በድልድዩ ጉንጭ ላይ፣ ስንቱን ጎርፍ አሳልፎ?
“ጌጤነህ ሠራው” ይላል፤ ዓመተ ምሕረት አለው፤
ለእግዜር የሚሆን ቦታ፣ ጥግም አልተረፈው።

ሸዋንግዛው መጣ፣ ጎረቤቴ፣ ከታች፦
“ልጆቹን አውርዳቸው፤ መሬቷ ነቅታለች።”
“ደግሞ አንተ መሐንዲስ!” ብዬ ሳቅሁበት፤
ግባ እንኳን ሳልለው በሩን ዘጋሁበት።

ወይንሸት በሌሊት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
እመቤቴን ይዛ ታድራለች፣ እስኪነጋ።
እኔ ስሚንቶ እቆጥራለሁ በዚያን ሰዓት፦
ስድስት ኩንታል፣ አሸዋ፣ የጋቢዮን ሽቦ፣ ብረት።
ገንዘቡስ? ይገኛል። ጉልበቱስ? አለኝ አልሁ።
ከተራራ ጋራ ሒሳብ ተያያዝሁ።

ሠራሁም። ዘጠኝ ቀን፣ በዝናብ፣ ብቻዬን፤
ድንጋይ እንደ ልጅ አቅፌ፣ ነክሼ ጥርሴን።
በዐሥረኛው ሌሊት ግንቡ አቃሰተ።
ያልገነባ ሰው ነጎድጓድ ነው ይላል፤
የገነባ ግን አልተሳሳተ።

ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ጉሙ እንደ ግድግዳ፤
ታርማበር የለ፣ ገደል የለ፣ የገዛ ደጄ ባዳ።
ከኪሴ አወጣሁ ቱምቢዬን፣ የአባቴን፣
ሃያ ዓመት ያልዋሸኝ፣ የነሐስ እውነቴን።
ክሩን ልይዝ ብል እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ቱምቢው እንደ ሰካራም ዋለለ፣
እውነቱም አብሮት አመለጠ።

ያኔ ነው የገባኝ፣ የጀማሪ ትምህርት፤
ቱምቢ ቀጥ የሚለው በራሱ ክብደት
አይደለም። ከላዩ የረጋ ጣት ሲኖር ነው።
የኔ ጣት አልረጋም። ከኔ በላይ ያለው ማነው?

ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ። ተንበረከክሁ አልልም፤
ጉልበቴ ከዳኝ እንጂ ለስግደት አልወረድሁም።
አቡነ ዘበሰማያቱ ግማሹ ላይ ጠፋኝ፤
አንድ ቃል ብቻ ነው ከጉሮሮዬ የተረፈኝ፦
“አልቻልሁም።”

ለሰው ብዬው አላውቅ። ለራሴም። ለወይንሸትም።
“አልቻልሁም፣ ጌታዬ። ይህንን ተራራ አልሸከምም።
ድሮም የያዝኸው አንተ ነህ፤ እኔ ስም ነበር የጻፍሁት።
አሁን ጣትህን አውሰኝ፤ ቱምቢው ይኸው፣ አመጣሁት።”

መልስ? ጉሙ አልተገለጠም። ዝናቡም አላባራ።
ብቻ ከታች፣ ከገደሉ ሥር፣ አንድ ባትሪ በራ።
“ጌጤነህ!” አለ ድምፅ። ሸዋንግዛው ነው፤
ተከትለውታል ሰባት ስምንት ሰው፤
ገመድ የያዘ፣ ቃሬዛ የያዘ፣ አንዱም ባዶ እጁን፤
በሩን የዘጋሁበት ሰው አዘለ ትንሿን ልጄን።
“ተወው፣ እኔ እችላለሁ” ልል ነበር፤ አፌ ተፈታ፦
“እርዳኝ” አልሁት፣
ለሁለተኛ ጊዜ፣ በአንድ ማታ።

ሊነጋጋ ሲል ቤቱ ወረደ፤
ዘጠኝ ቀን የለፋሁበት ግንብ ቀድሞት ሄደ።
ማንም አልነበረበትም።

አሁን እታች ነው የምሠራው፤ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ።
ያ “መሐንዲስ” ጭቃ ያቀብላል፤
አንዳንዴም ያርመኛል፣ ኑሮ!
ከበሩ ራስ ላይ፣ ስሚንቶው ሳይደርቅ፣
ሚስማር ይዤ ቆምሁ፣ ምን እንደምጽፍ ሳላውቅ።
“አባባ፣ ስምህን ነው?” ብላ ልጄ ጠየቀች፤
“እንጃ” አልኋት። “እንጃ” ብላ ሳቀች።
እንጃ ስንባባል ስሚንቶው ደረቀ፤
ቦታው ባዶ ቀረ።
ባለቤቱ ታወቀ።